አንቱታው ይቅር

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሳራ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰች ወዲህ እኔ ጋ፣ ሚዛን ተፈሪ ነው የምትኖረው። ቀን በእግሯ ሥራ ፍለጋ ትዞራለች፤ ከራት በኋላ ደግሞ በስልኳ ትዞራለች። ያን ዕለት ቴሌግራም ላይ የሥራ ጥቆማ የሚሰጥ አንድ ባለሙያ አግኝታለች። ስሙ ምስጋና ይላል። ፎቶው ላይ የሚታየው ጀንበር ስትጠልቅ ብቻ ነው።

«አጎቴ፣ ምን ብዬ ልጻፍለት? ወይስ ልጻፍላት? አንተ ልበል አንቺ?»

«አንቱ በይ።»

«ሽማግሌ አደረግሽኝ ብሎ ቢቀየመኝስ?»

ሳቅኩ። ይህን ጥያቄ ሳልመልስ ነው ፀጉሬ የሸበተው።

እኔም በእሷ ዕድሜ እዚሁ ሚዛን ሥራ ፈት ነበርኩ። በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ፣ ዲግሪዬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ትራስ ሥር አድርጌ፣ ከጓደኛዬ ከተስፋዬ ጋር ገበያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። የሚዛን ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እርስ በርስ መሰማማት አይቻልም፤ ስለዚህ ክረምቱን ሁለታችንም አቀርቅረን ስልክ ስንነካካ እንውላለን። ቁርሳችን ሙዝ፣ ምሳችን ጎደሬ በዳጣ፣ ራታችን ደግሞ እንደ ተስፋዬ አባባል የምሳው ትዝታ ነበር። አባቴ ከትውልድ ቀዬዬ ከጌጫ በመጣ ሰው ሁሉ «መሬቱ እየጠበቀህ ነው» እያለ ይልክብኛል። መሬቱን ጠልቼው አይደለም። ግን ተምሮ ባዶ እጁን የተመለሰ ልጅ በጌጫ ገበያ ሲያልፍ ሰው እንዴት እንደሚያየው አውቃለሁ። እስከ መስቀል ሥራ ካላገኘሁ እመለሳለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር።

ፌስቡክ ያኔ ለእኛ አዲስ ነገር ነው። ሥራ በዘመድ በሚገኝበት አገር ዘመድ የሌለው ሰው ዘመዱን እዚያ ይፈልግ ጀመር። እኔም የቡና ሰዎች በሚሰባሰቡበት አንድ ገጽ ላይ ስለ ችግኝ ጥላ የማውቀውን ጻፍኩ። ከሥሩ ስንታየሁ የሚባል ሰው አስተያየት ሰጠ። ወይም ሰጠች። መከራዬ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ስንታየሁ የወንድም የሴትም ስም ነው። ፎቶው አንድ ዘለላ ቀይ እሸት ቡና ነው። የእኔ ስም ደግሞ ደስታ ነው፤ እሱም ለሁሉም የሚሆን ስም ነው። ፎቶዬም የቡና አበባ ነበር፤ ከፊቴ ይልቅ እሱ ያምራል ብዬ ነው ያደረግኩት። እንዲህ ሆኖ አንድ አበባ ከአንድ እሸት ጋር ተዋወቀ።

መጀመሪያ በአንቱታ ነበር የምንጻጻፈው። «እርስዎ» ሲባል ወንድ ሴት የለም፤ ሁሉም ይከበራል፣ ሁሉም ይሸፈናል። ስንታየሁ ቴፒ አጠገብ ባለ የግል ቡና እርሻ፣ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ እንደሚሠሩ ነገሩኝ። ስለ ችግኝ በሽታ ጠየቁኝ፤ እኔም መለስኩ። ከዚያ አንድ ቀን «አንቱታው ይቅር፣ ሽማግሌ አይደለሁም» የሚል መልእክት መጣ። ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ስልኩን ይዤ ቀረሁ። አንቱታው ከቀረ በምን ልተካው?

የአማርኛ ነገር እንዲህ ነው። ሰው «እኔ» እያለ ዕድሜውን ሙሉ ቢያወራ ወንድነቱም ሴትነቱም አይታወቅም። «ደከመኝ»፣ «ችግኝ ሳጠጣ ዋልኩ»፣ «እናቴ አግባ አግቢ ብላ ፋታ ነሳችኝ» ይባላል፤ ይህ የመጨረሻው ከስንታየሁ ሲመጣልኝ እንኳ «አግባ»ንም «አግቢ»ንም ይዞ ነው። የሚቸገረው ስለ ራሱ የሚናገረው ሰው ሳይሆን ሌላውን የሚጠራው ነው። ስለዚህ ማንንም ሳልጠራ መጻፍ ተማርኩ። «ሥራ እንዴት ተዋለ?» «ምሳ ተበላ?» «ቴፒስ ዝናብ አለ?» ተስፋዬ በትከሻዬ በኩል እያነበበ «ይሄ የፖሊስ ሪፖርት ነው እንዴ?» ይለኝ ነበር።

ለምን አልጠየቅክም ይባል ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት ያልተጠየቀ ነገር ከወራት በኋላ አይጠየቅም፤ ስድብ ይሆናል። እንዳልደውል ደግሞ እርሻው ውስጥ ድምፅ አይሰማም፤ መልእክት ብቻ ነው እንደምንም የሚያልፈው።

ከዚያኛው ወገንስ? ብዙውን ጊዜ «ነሽ»፣ አንዳንዴ «ነህ» ይመጣል። ስልኮቻችን የአማርኛ ፊደል ስለማያነቡ በፈረንጅ ፊደል ነበር የምንጽፈው፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለችው ልዩነት አንዲት እባብ የመሰለች «s» ፊደል ናት፣ ጣት ሊያዳልጥ ይችላል። ደግሞም አገሩ የእኛ አገር ነው። አማርኛ የአደባባያችን ቋንቋ ነው፤ የጓዳችን ሌላ ነው። በእናቴ ቋንቋ ፊት ለፊት የሚያናግሩትን ሰው ወንድ ሴት ብሎ መለየት የለም። እናቴ አማርኛ ስትናገር አባቴን «አንቺ» ላሟን «አንተ» ትላለች፤ አባቴም ላሟም ተቀይመው አያውቁም። ሦስተኛም መንገድ አለ፦ ሰው ሲያቆላምጥ ወንዱን «አንቺ» ይላል። ይህን ሦስተኛውን ከተስፋዬ ደብቄ ለብቻዬ አስበው ነበር።

መልእክት ሲገባ ልቤ ይመታል። ለማን እንደሚመታ ግን አላውቅም። ወንድ ከሆነ እንደሱ ያለ ጓደኛ ኖሮኝ አያውቅም። ሴት ከሆነች ደግሞ... ሐሳቤ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። አንድ ቀን «ዛሬ ሆዴን እያመመኝ ነው፣ የተለመደው» የሚል መጣ። እኔም ከልቤ አዝኜ «ጨጓራ ይሆናል፣ ሚጥሚጣ ይቀነስ» ብዬ ጻፍኩ። የሳቅ መዓት ተላከልኝ። ምኑ እንዳሳቀ አልገባኝም፤ ማሳቄን ግን ወደድኩት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የጠበቅኩት መጣ። «ሥራ አስኪያጁ አንድ ሰው እንዲጨመር እሺ ብሏል። ሐሙስ ነይ። ማደሪያ አታስቢ፣ ክፍሌ ሁለት አልጋ አለው፣ አንዱ ያንቺ ነው።»

ተስፋዬ ጭኑን መታ። «በቃ ወንድ ነው! የትኛዋ ሴት ናት አልጋ አለኝ ብላ ወንድ የምትጠራው?»

«አንቺ ብሎኛል እኮ።»

«እናትህ አባትህን ምን ትላለች?»

ሥራ አገኘሁ ብዬ መዝለል ሲገባኝ ትንሽ ከፋኝ፤ ለምን እንደከፋኝ ለራሴም አልነገርኩትም።

ሐሙስ ማለዳ በሚኒባስ ወጣሁ። መንገዱ ቀይ ጭቃ ነበር፤ መኪናው ውስጥ አናናስና ኮረሪማ ተደባልቆ ይሸታል። ከጌጫ የመጣልኝን ማር ይዤ ነበር፤ ማር ለወንድም ለሴትም ይሆናል። ቴፒ ስንደርስ ሙቀቱ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። ከመናኸሪያ በባጃጅ እስከ እርሻው በር ሄድኩ። በሩ ላይ አንድ አዛውንት ዘበኛ ጨሞአቸውን፣ ያንን ከቡና ቅጠል የሚፈላውን የሚያቃጥል ሻይ፣ በቅል ይዘው ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ስንታየሁን ፈልጌ ነበር።»

«ስንታየሁ? አሁን ይመጣል። ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ።»

«ይመጣል» ማለታቸው አረጋጋኝ። «ቁጭ በይ» ማለታቸው ግን መልሶ አደናገረኝ።

ጥቂት ቆይቶ ከችግኞቹ ጥላ ሥር ቦቲ ጫማ ያደረገች፣ እጇ እስከ ክርኗ አፈር የሆነ ወጣት ሴት እየሮጠች መጣች። ፊቷ በሙሉ ይስቃል። እኔ ጋ ስትደርስ ግን አላቆመችም፤ በትከሻዬ አሻግራ መንገዱን ታያለች።

«ደህና መጣህ? ወንድሟ ነህ አይደል? ደስታስ? ባጃጁ ላይ ናት?»

«እኔ ነኝ ደስታ።»

«አትቀልድ።»

«እኔ ነኝ።»

ሳቋ አልጠፋም፤ ፊቷ ላይ ረስታው ቀረ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ሆዴን አመመኝ ስል ጨጓራ ነው ያልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ቀልድ መስሎኝ...» ብላ ፊቷን በአፈራም እጆቿ ሸፈነች። እኔም የየወሩ ሕመም መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። እንደዚያ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም፤ ምንም አላጠፋሁም እኮ፣ ግን አፈርኩ።

ዘበኛው እያዩን ስለነበር ሻንጣህን አስቀምጥ ብላ ወደ ክፍሏ ወሰደችኝ። አልገባሁም፤ በሩ ላይ ቆምኩ። ሁለተኛው አልጋ አዲስ አንሶላ ተነጥፎበታል። ከሥሩ ትንሽ ሮዝ ነጠላ ጫማ ተቀምጧል፤ ለእንግዳዋ ከቴፒ ገበያ የተገዛ ነው። ከበሩ ጎን ደግሞ ከባድ ጠረጴዛ አለ። የጠረጴዛው እግር ወለሉን ከግድግዳው እስከ በሩ ድረስ ጭሮታል፤ ብዙ ጊዜ እንደተጎተተ ያስታውቃል።

ጭረቱን ሳይ አየችኝ።

«አብራኝ የነበረችው ልጅ አግብታ ከሄደች ወዲህ ብቻዬን ነኝ» አለች። «ሲመሽ በሩን የሚያንኳኳ ሰው አለ። ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ብናገር ማን ያምነኛል? እሱ ከእኔ በፊት እዚህ ነበረ፣ ከእኔ በኋላም ይኖራል። ሰው ይጨመርልን፣ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ ብዬ ሥራ አስኪያጁን ስለምነው የከረምኩት ለዚህ ነው።»

«ሴት ፈልገሽ ነው» አልኳት።

«ደስታን ፈልጌ ነው» አለችኝ።

በዚህ መካከል ሥራ አስኪያጁ ከኋላችን መጣ፤ ቸኮል ያለ፣ ክፉ የማይመስል ሰው ነው። ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ስንታየሁ ያመጣችው ሰው አንተ ነህ? እኔ ሴት መስሎኝ ነበር። ይሁን፣ እንዲያውም ወንድ ይሻለኛል። ተመርቀሃል አይደል? ሰኞ ጀምር፤ ከወንዶቹ ጋር ታድራለህ።»

ሥራው ይኸው። አንድ «እሺ» ነው የሚቀረው። አባቴ ታየኝ፣ የጌጫ ገበያ ታየኝ። ስንታየሁ መሬት መሬት ታያለች፤ እንቢ በልልኝ አላለችም፤ እኔ እንጃ፣ ብትል ኖሮ ሥራውን እሺ እል ነበር ይሆናል። የሚጨመረው ሰው አንድ ብቻ ነው። እኔ ከገባሁ ያ አልጋ ባዶውን ይቀራል።

«አይ፣ እኔ የደስታ ወንድም ነኝ» አለ አፌ። «ቦታውን ላይላት ነው የመጣሁት። እሷ ሰኞ ትመጣለች።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ደግነት ይናገረው፣ ፍቅር ይናገረው፣ ድንጋጤ ይናገረው እስከ ዛሬ አልለየሁም። ያለችኝ አንዲት እህት ያኔ ጌጫ ልጆቿን ታሳድጋለች፤ ስለ ችግኝ የምታውቀው ጎመን መትከል ብቻ ነው። ስንታየሁ ቀና ብላ አየችኝ። ማሩን ተቀበለችኝና በር ድረስ ሸኘችኝ።

ቴፒ መናኸሪያ ሻይ ቤት ገብቼ በስልኬ ለማውቃቸው ሴት ምሩቃን ሁሉ ጻፍኩ። ቶሎ የመለሰችልኝ አስቴር ናት፤ አብራኝ የተማረች፣ ሚዛን በአጎቷ ሱቅ ስኳር የምትመዝን ጎበዝ ልጅ።

«ለምን አንተ አትገባበትም?»

«ወንድ ስለሆንኩ።»

«በወንድነቱ ሥራ ያጣ ሰው ዛሬ አየሁ!»

«ደስታ ብለው ከጠሩሽ የቤት ስሜ ነው በይ» አልኳት። ሰኞ ሄደች፤ ተቀጠረችም። ጠረጴዛው ወደ ግድግዳው ተመልሶ እዚያው እንደቀረ በኋላ አስቴር ነገረችኝ።

እኔ መስቀልን ያከበርኩት ጌጫ ነው። የአባቴን መሬት አንድ ዓመት ቆፈርኩ፤ ከዚያ ሚዛን አንድ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያ ተወዳድሬ ሥራ ያዝኩ። ስንታየሁ መጻፏን አልተወችም። «አስቴር ጎበዝ ናት፣ አመሰግንሃለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የጻፈችልኝ ሁሉ በትክክለኛው «አንተ» ነው፤ አንድም ቀን አልተሳሳተችም። እኔም እንደ ልቤ «አንቺ» እላታለሁ። ግን ሆዷን እንዳመማት፣ እናቷ ምን እንዳለቻት፣ ዳግመኛ ነግራኝ አታውቅም። መልእክቶቻችን አጠሩ፤ በዓል ለበዓል ሆኑ።

ዛሬ በስልኬ ውስጥ ያለው ሰው ቁጥር ስፍር የለውም። እነሱ ሥራ ይጠቁሙኛል፣ እኔም እጠቁማለሁ፤ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ሲባል ልክ ነው እላለሁ። የማይገባኝ ያቺ አንዷ ናት። በእነዚያ ወራት የጻፍኩት ሁሉ የራሴ ነው፤ አንድ ቃል አልዋሸሁም፣ ስሜንም አልቀየርኩም። ስንታየሁም የወደደችው እሱኑ ነበር። ታዲያ እኔ በእግሬ ሄጄ ፊቷ ስቆም ለምን ነው የምታውቀው ሰው የጠፋባት? ይህን ለሳራ እንዴት ብዬ እነግራታለሁ? እኔው ራሴ ሳልረዳው።

ስንታየሁ አሁን ቴፒ የራሷ ችግኝ ጣቢያ አላት፤ ፎቶዋም እሸት ሳይሆን ከነልጆቿ ነው። ባለፈው እንቁጣጣሽ፣ አሁን ስልኩ በሚያነበው በራሳችን ፊደል፣ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ። «እንኳን አደረሰህ። ባለቤቴም ልጆቼም ደህና ናቸው። አንዳንዴ ግን ደስታ ትናፍቀኛለች።»

«እኔንም» ብዬ መለስኩላት።