ዝገት ጭስ አለው ወይ?

ባለፈው ሳምንት ከእንጅባራ ወደ አዲስ ቅዳም በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች አንድ መጽሐፍ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይጨቃጨቃሉ።

"በግራ አራት ኦክስጅን አለህ፣ በቀኝ ሦስት። አንዱን በላኸው እንዴ?" ትላለች ልጅቱ።

"ቆይ፣ ከፊቱ ቁጥር ልጨምርበት" ይላል ልጁ።

ዘወር ብዬ "ኧረ በቃችሁ!" አልኳቸው። ረዳቱ ሳይቀር ደነገጠ። ልጅቱ ግን የምትፈራ አይደለችም። "አባባ፣ ኬሚስትሪ ይጠላሉ እንዴ?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። የሚጠሉትን ነገር ሲጠየቁ አዎ ማለት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል። ተሳሳቁ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩና ሳያልቅ የቀረ የድሮ ጠብ ውስጥ ገባሁ።

ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው። አባቴ "ሞፈር የያዘ እጅ እርሳስ ከለመደ ይሰንፋል" ባይ ነበር። ነፍሱን ይማርና፣ ተሳስቶ ነው የሞተው። የጎልማሶች ትምህርት ቀበሌያችን ሲመጣ ሚስት የማገባበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ፤ ከሚስት ይልቅ ሀሁን አገባሁ። ከዚያ እየወደቅሁም እየተነሳሁም ስምንተኛ ክፍል ደረስኩና ትከሻዬን በማያክሉ ልጆች መካከል ተቀመጥኩ። ከከሰል ክምር ተነስቼ ስለምመጣ አንገቴም ጥፍሬም ጥቁር ነው። "ጋሼ ከሰል" አሉኝ። ልጆች ስም ሲያወጡ አይሳሳቱም።

የምማርበትን ምክንያት አውቀው ነበር፤ መኪና ነው። አቶ ባይህ የሚባል የከሰል ነጋዴ አንድ አይሱዙ ነበረችው። ጆንያ እየጫንኩ እስከ ዳንግላ አብሬያት እሄድ ነበር። ሾፌሩ እያረጀ ሲመጣ አቶ ባይህ ጠራኝ።

"የስምንተኛ ውጤትህን ይዘህ ና። መንጃ ፈቃድ ታወጣለህ፣ መኪናዋን ትይዛለህ። ከወደቅህ ግን የእህቴ ልጅ አለ፤ እንዳትቀየመኝ።"

ያኔ ያለ ስምንተኛ መንጃ ፈቃድ አይታሰብም። ከዚያ ቀን ወዲያ ጆንያ ተሸክሜ ስራመድ እንኳ በቀኝ እግሬ ነዳጅ እረግጥ ነበር።

ሌላው ትምህርት ደህና ነበር። ታሪክ ተረት ነው፣ ሂሳብ ገበያ ነው። ኬሚስትሪ ግን መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ አስተማሪዋ በአማርኛ፣ እኔ የማስበው በአዊኛ። ሦስቱ ሲገናኙ ጭንቅላቴ ውስጥ የዳንግላ ገበያ ይቆማል፤ ሁሉም ይጮኻል፣ ማን ምን እንደሚሸጥ አይታወቅም። አስተማሪዋ መምህርት የሺ ትባላለች፤ ከዳንግላ የመጣች ወጣት፣ በዕድሜ የምታንሰኝ። ልጆቹን አንተ አንቺ ስትል ቆይታ እኔ ጋ ስትደርስ "እርስዎ" ትላለች። እኔም አስተማሪዬ ናትና "እርስዎ" እላታለሁ። ሁለታችን ባወራን ቁጥር ክፍሉ ይስቃል።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ሃይድሮጅን ሲደመር ኦክስጅን ብላ ጻፈች፣ ቀስት አሰመረች፣ ከቀስቱ ማዶ ውሃ አለች። "በግራ ሁለት ኦክስጅን አለ፣ በቀኝ አንድ። ማን ያመጣጥንልኛል?" ወጣሁና ከኦክስጅን ግርጌ የተጻፈችውን ትንሽዬ ሁለት በመዳፌ ጠረግኋት። እኩል ሆነ።

"የግርጌዋ ቁጥር አትነካም፣ ጋሽ ታደለ።"

"ለምን?"

"እሷን ከነኩ ነገሩ ራሱ ሌላ ነገር ይሆናል። የሚጨምሩት ከፊት ነው።"

"የፊቱ ይለወጣል፣ የግርጌው አይነካም?"

"አዎ።"

"በእኛ አገር ሲነካ የኖረው የግርጌው ነው" አልኳት። ልጆቹ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። እኔ ግን አልቀለድኩም። አልገባኝም ነበር።

የከሰል ሥራ ጥበቡ ሁሉ አየርን መከልከል ነው። ዲከረንስ የምንለው ዛፍ ተቆርጦ ይደረደራል፣ ሣር ይለብሳል፣ በላዩ አፈር ይመለስበታል፣ በአንድ በኩል እሳት ይሰጠዋል። ከዚያ ዙሪያውን እየዞሩ መጠበቅ ነው። ክምሩ ተሰንጥቆ ነፋስ ከገባበት የሚወጣው አመድ ነው። ነጩ ጭስ እየሳሳ ሰማያዊ ሲመስል በስሏል ማለት ነው። በታኅሣሥ ውርጭ፣ ሣሩ ነጭ ለብሶ ሳለ፣ በትኩሱ አፈር ድንች እንቀብርና አመዱን እፍ እያልን በሚጥሚጣ እንበላለን። አብሮኝ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ አያ ፈንቴ ነው፤ ትምህርት ቤት በበሩም አላለፈም።

"የገባው ሁሉ ይወጣል ይላል ትምህርቱ" አልኩት።

"በየት ነው የሚወጣው?"

"በእሳት። ምንም አይጠፋም።"

ድንቹን መብላቱን አቁሞ ክምሩን አየ፣ እኔን አየ። "ይኸን ሁሉ እንጨት በጀርባህ አይደል ያመጣኸው? የሚወጣውን ከሰል ታውቀዋለህ፤ ሩቡን አያህል። የቀረውን መምህርቷ ወሰደችው?"

"ጭሱ ይመስለኛል።"

"ጭስ ይመዘናል? እስቲ ዳንግላ ወስደህ ሽጠው።"

ከክፍል የያዝኩትን አያ ፈንቴ ክምሩ ጋ ያስጥለኛል፤ ከክምሩ የያዝኩትን መምህርቷ ታስጥለኛለች።

ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠችን። በየቤታችሁ የሚቃጠል አንድ ነገር ፈልጉና እኩልታውን ጽፋችሁ ኑ አለች። ሌሎቹ ኩራዝ ጻፉ፣ ማገዶ ጻፉ። እኔ የምተዳደርበትን ጻፍኩ። ካርቦን፣ ቀስት፣ ካርቦን። ኦክስጅን አላስገባሁም፤ ቀን ከሌት ስከለክለው የምኖረውን ነገር በገዛ እጄ ላስገባው? በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ። ከዚህ በላይ የተመጣጠነ እኩልታ አለ?

"ይኼማ ምንም አልሆነም" አለች መምህርት የሺ። "ካርቦን ገባ፣ ካርቦን ወጣ።"

"ምንም እንዳይሆን አይደል እንዴ የምንደፍነው?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም። "እንጨት ካርቦን ብቻ አይደለም፣ ጋሽ ታደለ። ውሃም ሌላም ነገር አለበት። ጭሱን የት ጣሉት?"

"ሄደ።"

"የሄደውም ይጻፋል።"

ይህች ቃል ገባችኝ። የገባችኝ ግን ጠማማ ሆና ነው። ለአያ ፈንቴም ነገርኩት፤ "የሄደውም ይጻፋል።" "እንግዲያ አባትህ ያስቀረብህን ዓመት ጻፉልኝ በላቸው" አለኝ።

የማጠቃለያው ፈተና ግንቦት ላይ ነበር። በእኛ ትምህርት ቤት ያን ያላለፈ ለሚኒስትሪ አይቀመጥም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ፈታኙ የሚለው አይሰማም። ብረት ሲደመር ኦክስጅን ይላል ወረቀቱ፣ ቀስት፣ ከዚያ ባዶ ቦታ። ዝገት መሆኑን አወቅሁ፤ ጻፍኩት። እስክሪብቶዬን ላነሳ ስል ግን አንድ ነገር ያዘኝ። የሄደውስ? ዝገት ጭስ አለው ወይ? ሲጨስ አይቼ አላውቅም። ግን ኦክስጅንንም አይቼው አላውቅ፤ አለ ብለውኝ አምኛለሁ። ስለዚህ ጭሱን ጨመርኩ። ጭስ ያለ ካርቦን አይሆንምና በግራም በኩል ካርቦን ከሜዳ አምጥቼ አስገባሁ። ከዚያ ቁጥሩን ከፊት ከፊት እየጨመርኩ አመጣጠንኩት፤ የግርጌዋን አልነካሁም። ግራና ቀኙ ልክ መጣ። ደስ ብሎኝ የቀሩትንም ጥያቄዎች እንዲሁ ጭስ እያለበስኩ ጨረስኩ።

ወደቅሁ።

አቶ ባይህ እንዳለው አደረገ፤ መኪናዋን ለእህቱ ልጅ ሰጠ። አልተቀየምኩትም፤ ቀድሞ ነግሮኛል። ጆንያ መጫኔን ቀጠልኩ። ልጁ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "አያ ታደለ፣ ቶሎ በል እንጂ፣ መንገድ ይጠብቀናል!" ይለኛል። ከኋላ ሆኜ እንደ ጆንያው እጫናለሁ።

ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ሲል መምህርት የሺ ወረቀቴን ይዛ በረንዳው ላይ አስቆመችኝ።

"ይህን ካርቦን ከየት አመጡት?"

"የሄደውም ይጻፋል ብለውኝ።"

ዓይኗን ጨፈነች። "ዝገት የሚሄድ ነገር የለውም። የሚመጣ ነው ያለው። ብረቱ ከአየሩ ይወስዳል። ስለዚህ ሲዝግ ይከብዳል።"

"የተበላ ብረት ይከብዳል?"

"አዎ፤ ዝገቱ ካልረገፈለት።"

"እንጨት ሲቃጠል ይቀልላል፣ ብረት ሲበላ ይከብዳል?"

"መስከረም ይመለሱ። እኔ ራሴ አስጠናዎታለሁ።"

"ለምን ብዬ? መኪናው ሄዷል።"

"ለመኪና ብቻ ነበር እንዴ?" አለችኝ።

ወረቀቴን ተቀብዬ ወጣሁ። መስከረም ላይ አልሄድኩም። በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረች ሲሉ ሰማሁ።

ጥያቄዋን ግን እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም። ለመኪና ብቻ ቢሆን ኖሮ ንዴቴ በአቶ ባይህ ወይም በእህቱ ልጅ ላይ በሆነ ነበር። እኔ የተናደድኩት በዝገት ነው። በዝገት የሚናደድ ሰው ምን ፈልጎ ነው የሚማረው? ጋዜጣ አነባለሁ፣ የመድኃኒት ወረቀት አነባለሁ፣ የማልፈልገውን ሁሉ አነባለሁ። ይህን የሚመልስልኝ ግን አላገኘሁም።

ዲከረንሱ በሽታ ገባበትና ከሰሉን ትቻለሁ። ምሳሬ ከበሩ ጀርባ ቆማለች፤ ሞረድ ካየች ቆይታለች፣ ቀይ ሆናለች። አንዳንድ ጠዋት በእጄ አነሳታለሁ። በጉልበቴ ዘመን በአንድ ክንድ የማወዛውዛት ምሳር ትከብደኛለች። መምህርቷ እውነቷን ነው ልበል፣ ወይስ ክንዴ ነው የደከመው? አስቀምጣታለሁ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ አነሳታለሁ። አልለይ አለኝ።