ጥለት ያለበት ካርቶን

ልጄ ስምንት ወር ሲሞላት እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማችን ሊፍት ውስጥ ሰዎች "የልጅ ልጅህ ናት?" ሲሉኝ መጀመሪያ አካባቢ አስረዳ ነበር። በኋላ "አዎ፣ እግዜር ይመስገን" ማለት ጀመርኩ፤ ያጥራል። ልጅቷም ብትሆን ከነሱ የተሻለ አታውቀኝም። ቀን አንድ ቦታ፣ ማታ ደግሞ ፓርኪንግ ጋራዥ ስለምሠራ በደንብ የምንተያየው እሁድ ነው። ሳቅፋት አንገቷን ወደ ኋላ ለጥጣ፣ መታወቂያ እንደሚጠይቅ ዘበኛ ከላይ እስከ ታች ታየኝና ከዚያ ለቅሶዋን ትጀምራለች።

ያሳደጓት አማቴ ናቸው። ለወሊዱ ከደብረ ማርቆስ መጥተው፣ የመቆያ ፈቃዳቸውን አንዴ አራዝመንላቸው፣ ልጅቷን ከጀርባቸው ሳያወርዱ ከረሙ። አሁን መሄጃቸው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እሳቸው ቅዳሜ ይበራሉ፤ ሰኞ ሚስቴ አሌክሳንድሪያ አንድ ክሊኒክ ሥራ ትጀምራለች። ሦስት ዓመት የተማረችበት ሥራ ነው። የሕፃናት መዋያዎቹ፣ ዴይኬሮቹ ሁሉ፣ ወረፋ ጠባቂ መዝገብ ላይ አስገብተውናል። ስለዚህ እኔ የቀኑን ሥራ ትቼ ልጅ ልጠብቅ፣ ሚስቴ ስትገባ ወደ ጋራዤ ልሄድ ተስማማን። ልጅቷን ያማከራት የለም።

"እንዲህ እየጮኸች ጥያት አልሄድም" አለች ሚስቴ። "እስከዚያ ካልለመደችህ ደውዬ ይቅርብኝ እላቸዋለሁ።"

ያለችውን እንደምታደርግ አውቃለሁ። እኔንም ያገባችኝ እንደዚያው፣ አገባዋለሁ ብላ ነው።

መጫወቻ ወደ መሥራት የገባሁት በዚህ ነው። ስልኬ ላይ አንዲት ሴትዮ ቤት ውስጥ ከተራረፈ ነገር የሕፃን መጫወቻ ስትሠራ አየሁ፤ የሚንኳኳ፣ የሚዳሰስ፣ የሚብለጨለጭ። ጠርሙስ ውስጥ ውሃና ብልጭልጭ ጨምራ ስታገላብጠው ልጇ አፏን ከፍታ ታያለች። እኛ ቤት ብልጭልጭ የለም። አብሽ ግን ሞልቷል፤ ቀለሙም ወርቅ ነው።

አማቴ በር ላይ ቆመው አዩኝ። እኔና እሳቸው በወጉ አንቱ ነው የምንባባለው፤ ስድባቸው እንኳ በአክብሮት ነው የሚመጣው።

"አብሹን ምን ሊያደርጉት ነው? ሆድዎን አመመዎት?"

"ለልጅቷ መጫወቻ ልሠራ ነው፣ እማዬ።"

"ለእሷ ነው ወይስ ለእርስዎ?"

አብሹን ውሃ ውስጥ ጨመርኩ፣ ልጅ እንዳይከፍተው ክዳኑን በሱፐር ግሉ አሸግሁት። አብሽ ውሃ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ማንም ሐበሻ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን መሐንዲስ ነበርኩ። በሁለተኛው ቀን ጠርሙሱ እንደ ነፍሰ ጡር አበጠ። ላስተነፍሰው ክዳኑን በፒንሳ ስይዘው ፈነዳና አረፋው ሸሚዜን፣ ጢሜን፣ ጣሪያውን አለበሰው። ልጅቷ አለቀሰች። ሦስት ቀን ሙሉ አብሽ አብሽ ሸተትኩ። ጋራዥ አብሮኝ የሚሠራው የጎንደር ልጅ አሸተተኝና "ጋሼ፣ በሰላም ተገላገሉ?" አለኝ።

ካልሲ ውስጥ ሩዝ ሞልቼ ሰፋሁ። ሚስቴ ስፌቱን ልትፈትሽ አንዴ ሳብ ስታደርገው ሩዙ ሳሎን ተዘራ። ከዚያ በኋላ የማይፈነዳና የማይፈስ ነገር ፈለግሁ። የዳይፐር ካርቶን ጎን ቆረጥኩና በየካሬው የተለያየ ነገር ለጠፍኩበት፤ ስፖንጅ፣ የጂንስ ቁራጭ፣ ፎይል፣ የእግር መጥረጊያ ጫፍ። ልጅ በእጇ እየዳበሰች ትማርበታለች ይላል ቪዲዮው። አንድ ካሬ ባዶ ቀረ። ሶፋው ጥግ የልብስ ቅርጫት ውስጥ፣ የልጅቷ ጨርቆች ላይ፣ የታጠፈ ስስ ነጭ ጨርቅ አገኘሁ። ዳሩ ላይ ቀለም አለው። ለልጅ ቀለም ጥሩ ነው ብዬ ጥጉን የመዳፌን ያህል ቆረጥኩ።

ካርቶኑን ምንጣፉ ላይ አስቀምጬ አጠገቡ ተጋደምኩ። ልጅቷ እየዳኸች መጣች። ስፖንጁን አለፈችው። ጂንሱን አለፈችው። ነጩ ጨርቅ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ በእጇ ዳበሰችው፣ ከዚያ ጉንጯን ደገፍ አደረገችበት። እኔ እዚያው አጠገቧ ነኝ፤ አላለቀሰችም። ሃያ ደቂቃ። ሚስቴን በሹክሹክታ ጠርቼ አሳየኋት። ያን ምሽት ጋራዥ ውስጥ መኪና የማቆመው በፉጨት ነበር።

በማግስቱ እሁድ አማቴ ለቤተ ክርስቲያን ለበሱና ነጠላቸውን ከቅርጫቱ አንስተው ዘረጉት። ጥጉ የለም። ነጠላውን አዞሩት፣ ሌላውን ጥግ አዩ፣ ተመልሰው ያንኑ አዩ። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ያለውን ካርቶን አዩ። ልጅቷ ጥለቱ ላይ ተኝታበታለች።

"አንቱ ሰውዬ" አሉ በቀስታ።

"እማዬ፣ የልጅ ጨርቅ መስሎኝ ነው። ዛሬውኑ ሌላ እገዛለሁ።"

"አገሬ ስገባም የምለብሰው ይህንኑ ነበር። አይጥ ቢሆኑ ወጥመድ አጠምድልዎት ነበር። አማች ሆኑብኝ።"

የሚስቴን ነጠላ ለብሰው ሄዱ። ሚስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትስቃለች፤ ትከሻዋ ያስታውቃል።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሶፋው ላይ አረፍ አሉና ልጅቷን እያዩ "ካርቶንዎን የወደደች መስሎዎታል?" አሉኝ። "የኔን ጠረን ነው የያዘችው። ይህቺ ጨርቅ ጠረኗ የለቀቀ ቀን ምን ሊያደርጉ ነው?"

ስድስት ቀን ቀርቶናል፣ በእጄ ያለው የመዳፍ ያህል ጨርቅ ነው። ሚስቴም መሳቋን ተወች።

"ይዙሩ" አሉ አማቴ።

"ምን?"

"ይዙሩና ጎንበስ ይበሉ። ላሳዝልዎት ነው።"

"እማዬ፣ ወንድ ልጅ ያዝላል እንዴ?"

"ወንድ ልጅ የአማቱን ነጠላ ይቆርጣል እንዴ?"

ዞርኩ። ልጅቷን ጀርባዬ ላይ አስቀመጡና በጎደለው ነጠላ አሳዘሉኝ፤ አንዱን ጫፍ በትከሻዬ፣ አንዱን በብብቴ አሳልፈው ደረቴ ላይ ቋጠሩት። ልጅቷ አንዴ ጮኸች፣ ሁለቴ ጮኸች፣ ዝም አለች።

"አዩ" አሉ አማቴ። "ከጀርባ ሆና ፊትዎን አታይም።"

ስድስቱን ቀን፣ በሁለቱ ሥራ መሀል፣ ሳሎን ውስጥ ተመላለስኩ። ቋጠሮውን ብቻዬን ማሰር እስክችል ድረስ አማቴ ትራስ እያሳዘሉ ፈተኑኝ። ቅዳሜ ኤርፖርት ሸኘናቸው፤ ሱቅ ሄጄ የገዛሁላቸውን አዲስ ነጠላ ለብሰዋል። አሮጌውን ሳያነሱት፣ ስለሱም ሳያወሩ ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ሚስቴ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ የመኪና ቁልፍ ይዛ በር ላይ ቆመች። ልጅቷ እያለቀሰች ነበር።

"ለክሊኒኩ ልደውልላቸው?" አለችኝ።

"አምስት ደቂቃ ስጪኝ።"

አዘልኳት። ካርቶኑን በእጄ ይዤ ጥለቱ ያለበትን ካሬ በትከሻዬ በኩል አቀበልኳትና መመላለስ ጀመርኩ። ከአምስት ደቂቃ በላይ ፈጀ። ሚስቴ ሰዓቷን አላየችም፤ እኔ ነኝ የግድግዳውን ያየሁት። ስትሄድ በሩን ድምፅ ሳታሰማ ዘጋችው።

አሌክሳንድሪያ ሳትደርስ ከመንገድ ደወለች።

"እንዴት ናት?"

"ዝም ብላለች።"

"አሰማኝ እስቲ።"

ዝምታ እንዴት ይሰማል? ስልኩን በትከሻዬ አቀበልኳት። ልጅቷ ነጠቀችኝና ዘጋችው። ሚስቴ መልሳ አልደወለችም፤ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ቀትር ላይ እንዳዘልኳት ሕንፃው ሥር ወዳለው ልብስ ማጠቢያ፣ ሎንድሪ ወረድኩ። ያደረውን የሕፃን ልብስ፣ የኔን ሸሚዞች፣ አንሶላውን አጠብኩ። ነጠላዋን ግን ገና ብዙ ሳምንት አላጥባትም።