ኬላው ላይ ያፏጨሁ ቀን

ይህ የደረሰብኝ ጦርነቱ ወደ እኛ በተጠጋበት ሰሞን ነው። ዛሬም ፉጨት በሰማሁ ቁጥር ዞር ብዬ አያለሁ።

አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በወጣትነቱ ድሬዳዋ የእንፋሎት ባቡር ላይ እሳት ይቀልብ ነበር። ሲያረጅ ውጫሌ ተመልሶ የእነዚያን ከባድ የጭነት ባቡሮች ታሪክ ነገረኝ፤ እኔ በደብተር ጻፍኩለት። የትኛዋ ስንት ፉርጎ ትጎትት እንደነበር፣ የትኛዋ ዳገት ላይ ታስቸግር እንደነበር፣ የትኛዋ ተቆራርጣ ለብረት እንደተሸጠች ሁሉ አለበት። ሲሞት ከእሱ የቀረኝ ይኸው ደብተር ነው።

ወደ ሐይቅ ከተማ ስንሸሽ ልብሴን ትቼ እሱን ያዝኩ። መንገድ ላይ አንድ ኬላ ከሚኒባስ አስወርደው ሲፈትሹን፣ አንድ ወጣት ጠባቂ ደብተሩን ገለጠው። ቁጥር። የድልድይ ስም። ከዚያ ደግሞ ረጅምና አጭር መስመር የተደረደረበት ገጽ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምንድን ነው ይሄ፣ ሴትዮ? ለማን ነው የምታቀብይው?»

«የባቡር ታሪክ ነው! መስመሩ ባቡሩ ሲያፏጭ ነው።»

«እዚህ አገር ምን ባቡር አለ?»

ልጁ ፈርቷል። የፈራ ሰው መሣሪያ ሲይዝ ደግሞ፣ ወላሂ፣ ከጨካኝ ይብሳል። ምላሴ ግን አላርፍ አለ።

«አታምንም? ስማ እንግዲህ!» ብዬ ሁለት ጣቴን አፌ ውስጥ ከተትኩና፣ አባቴ እንዳስተማረኝ ሦስት ጊዜ አጠር አጠር አድርጌ አፏጨሁ። የሃምሳ ዓመት ሴትዮ!

«ምልክት ሰጠች!» ብሎ ጮኸ። ጠመንጃው ደረቴ ላይ ተደገነ። አለቀልኝ አልኩ።

ይሄኔ ከሰልፉ መሀል አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ዱላቸውን ጥለው፣ መሪ እንደሚያዞር ሰው ሁለት እጃቸውን አየር ላይ ማሽከርከር ጀመሩ።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ፍሬን እየያዝኩ ነዋ! ባቡሩ ሦስት አጭር ሲያፏጭ ፉርጎ ላይ ያለነው ሠራተኞች ሁሉ የእጅ ፍሬኑን እያዞርን እናጠብቅ ነበር።»

ጠባቂው ደብተሩን አየ። ከሦስቱ አጭር መስመሮች አጠገብ «ፍሬን ያዝ» ይላል፣ በእኔ ጽሑፍ። ሽማግሌው ደግሞ ደብተሩን በዓይናቸውም አላዩት።

«አንድ ረጅምስ?» አላቸው፣ ጠመንጃውን ሳያወርድ።

«ፍሬን ልቀቅ።»

ወደ ደብተሩ ጎንበስ አለ። ያ ረብ፣ ያች ደቂቃ! ከዚያ ጠመንጃውን ቀስ ብሎ አወረደና «ይቅር በይኝ፣ እናቴ» ብሎ ደብተሬን መለሰልኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ። ያን ጊዜ የጠባቂው ጣት ምላጩ ላይ ነበር፤ እሳቸውን ቢመታቸውስ? «ዝም ብለው መቆም ይችሉ አልነበር?» አልኳቸው።

«ተፏጭቶ ፍሬን ካልያዝኩ ሰው ያልቃል፣ ልጄ» አሉኝ።

ሐይቅ ስንደርስ በግርግሩ ተለያየን። ስማቸውን አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ደብተሩ መጨረሻ ላይ አንድ ባዶ ገጽ ትቼላቸዋለሁ።