አያቴ ክብደት መቀነሻ የሸጡ ጊዜ

ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ ኢንተርኔት ቤት በከፈትኩበት ዘመን፣ ከደንበኞቼ ሁሉ ያቃጠለኝ የገዛ አጎቴ ነው። የሰንበቴ ከብት ነጋዴ ነው፤ አድልቦ ይሸጣል። ንግዱን የወረሰው ከአባቱ፣ ማለትም ከአያቴ ነው። አያቴ ከሞቱ ብዙ ዓመት ቢሆናቸውም በሬውም ፍየሉም የሚሸጠው በእሳቸው ስም ነበር። "የእከሌ ልጅ ነኝ" ብሎ ካልጀመረ ዋጋ እንኳ አይናገርም። ገዢ የሚመጣለት በአባቱ ስም እንደሆነ፣ ያ ስም ከጠፋ እሱም አብሮ እንደሚጠፋ ከልቡ ያምናል።

የአዳማ ነጋዴዎች ከብቱን አስቀድመው በፎቶ ማየት ሲፈልጉ ድረ ገጽ ልሥራልህ አልኩት። መሥራቱስ ቀላል ነበር፤ ማስረዳቱ ነው ያስረጀኝ። ዶሜን ማለት ስምህ ነው፣ ገዢ ጠይቆ የሚደርስብህ በእሱ ነው አልኩት። ሆስቲንግ ደግሞ ፎቶውና ጽሑፉ የሚያድርበት ግቢ ነው። ስሙ ወዲያው ገባው፤ የአያቴን ስም አስመዘገብን። ግቢው ላይ ግን ተጣላን። ባሕር ማዶ ያለ ኮምፒውተር ውስጥ ነው ስለው የማን ግቢ እንደሆነ፣ ዘበኛው ማን እንደሆነ፣ ያን ሁሉ ከብት የቻለ የራሱ ግቢ ፎቶውን እንዴት እንደሚያቅተው ጠየቀኝ። በእሱ ግቢ መብራት በጠፋ ቁጥር ገጹም አብሮ እንደሚጠፋ ስነግረው ነው የተስማማው። የሰንበቴን መብራት ያውቀዋላ።

ዓመቱ ሲደርስ፣ ካልተከፈለበት ሌላ ሰው ይወስደዋልና ስሙ ይታደስ አልኩት። ሳቀብኝ። ነገሩ ከገበያው የመጣ ነው። ሰንበቴ ገበያ ውስጥ ከግራሩ ሥር ያለው ቦታ የአያቴ ነበር፤ አጎቴ ታሞ ብዙ ገበያ ቢቀር እንኳ ማንም አይይዝበትም። የማያውቅ እንግዳ ቢቀመጥ ጎረቤቱ "ባለቤት አለው" ይለዋል፣ ሰውዬውም ይቅርታ ጠይቆ ይነሳል። ኢንተርኔት ላይ እንዲህ የሚል ጎረቤት የለም ብዬ ለመንኩት። ሰው ባለበት ይሉኝታ አይጠፋም አለኝ። እኔ ልክፈልልህ ስለው ደግሞ የአባቴን ስም ልትወርስ ነው ብሎ ተቆጣኝ። ተውኩት።

ከጊዜ በኋላ ከአዳማ ገዢዎቹ አንዱ ደወለለት። እየሳቀ፣ ክብደት መቀነሻ መሸጥ የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው አለው። አጎቴ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከሚሴ ገባ። ገጹን ከፈትኩለት። ከብት በማድለብ አገር ባወቃቸው በአያቴ ስም ሥር፣ አንዲት ሸንቃጣ ፈረንጅ የክኒን ብልቃጥ ይዛ ትስቃለች። እኔም ሳቄ መጥቶብኝ ነበር። አጎቴ ግን ወንበሩ ላይ ዘጭ አለና ፊቱን በሽርጡ ጫፍ ሸፈነ።

"አባቴን ቀሙኝ" አለ። ያን ጊዜ ሳቄ ጠፋ፤ በጣም አዘንኩለት።

የተወሰደ ቦታ እንዴት እንደሚመለስ ግን ያውቃል፤ ሽማግሌ ይላካል። በሳምንቱ የሰንበቴን ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ዋናው የአያቴ የቅርብ ወዳጅ ነበሩ። ኢንተርኔት ቤቴ ውስጥ ዱዓ ሲያደርጉ ፊልም የሚያዩት ተማሪዎች ሳይቀሩ ከጆሯቸው ላይ ማዳመጫቸውን አውልቀው አሚን አሉ። ከዚያ ስሙን የወሰደው ሰው የማን ልጅ እንደሆነ፣ አማች ይኖረው እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቅም ስላቸው አፈሩልኝ። ኢሜይሉን እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ። "አካም ጅርቱ" ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምረው ስለ ሚስቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ደህንነት ጠየቁት፤ ወደ ጉዳዩ የገቡት ገጹ ሊሞላ ሲል ነው። ከብቱንም ሳልቀንስ በእንግሊዝኛ አድርጌ ገጹ ላይ ወዳለው አድራሻ ላክሁት።

መልሱ ወዲያው መጣ። ስለ ጥያቄዎ እናመሰግናለን፣ ልዩ ቅናሽ አድርገንልዎታል ይላል። ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። አመስግኗል፣ ቅናሽም አምጥቷል፣ ልቡ እየራራ ነው ተባባሉ። አመስግነው ሌላ አስጻፉኝ። ያው መልስ መጣ። የአያቴ ወዳጅ ደግሜ እንዳነብላቸው አደረጉና ሰውዬው ቃሉን እንዳይለውጥ የሚመክረው ብልህ ሰው አለው አሉ። ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ። የሚመልሰው ማሽን እንደሆነ፣ ከወዲያ በኩል የተቀመጠ ሰው እንደሌለ ነገርኳቸው።

 ፊት የሌለውን ነገር በምን እናሳፍረዋለን ብለው ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን አነሱ።

አጎቴ አልተነሳም። በራስህ ስም አዲስ እንክፈት አልኩት፣ በቀስታ።

"የእኔን ስም ማን ያውቀዋል?" አለ። ድምፁ የትልቅ ሰው ድምፅ አይመስልም ነበር።

የአያቴ ወዳጅ በሩ ላይ ሲደርሱ ይህን ሰምተው ተመለሱ።

"አባትህን የሚያውቅ ገዢ ሁሉ'ኮ አልቋል፤ ቀብረናቸዋል" አሉት። "ወላሂ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን የሚመጡት አንተን ብለው ነው።"

አጎቴ ሽማግሌውን ትክ ብሎ አያቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፣ ጉሮሮውን ጠረገና የገዛ ስሙን፣ ሰምቼው የማላውቅ ይመስል፣ ቀስ ብሎ ነገረኝ።