ቴፕ የበላው ካሴት

ካሴት መፍታት ስጀምር ፍርሃት የሚባል አልነበረብኝም። ታላቅ ወንድሜ መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ውስጥ ጫማ ይሸጣል፣ እኔም አብሬው እሸጣለሁ። እሁድ ሱቁ ስለሚዘጋ ቀኑ የራሴ ነበር። ከየአሮጌ ዕቃ ሻጩ የለቃቀምኩትን ካሴት በትንሽ ካቻቢቴ እፈታለሁ፣ ሻጋታውን በአልኮል እጠርጋለሁ፣ የተበጠሰውን ክር በስስ ፕላስተር ቀጥዬ ድምፁን ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። ቢበላሽብኝስ? የማላውቀው ዘፋኝ አንድ ዘፈን ጎደለበት፣ አለቀ። ሻዬን ጠጥቼ ሌላ እከፍታለሁ።

ይህን ደስታ ያበላሸብኝ ወንድሜ ነው። አንድ ቀን ቆሞ ሲያየኝ ከቆየ በኋላ፣ ሰው ከፍሎ የሚያሠራውን አንተ በነጻ ትጫወትበታለህ ብሎ ሳቀብኝ። ብዙም ሳይቆይ ሱቁ ጥግ ላይ ጠረጴዛ አስገባልኝና በጫማ ካርቶን ክዳን ላይ «የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ እንገለብጣለን» ብሎ ጽፎ ሰቀለ። መርካቶ ተወልጄ አድጌ፣ የምወደውን ነገር ነጋዴ ፊት መዘርጋት እንደማያዋጣ እንዴት እንደጠፋኝ እንጃ።

ሰው መጣ። የሰርግ ካሴት፣ መንዙማ፣ የሟች አባት ምርቃት ይዞ መጣ። ሁሉም ካሴቱን ሲሰጠኝ አንድ ዓይነት ነገር ይላል፤ ሌላ ቅጂ የለኝም፣ አደራ። ይህ አደራ የሚሉት ነገር እየከበደኝ መጣ። እሁድ እንኳ ካቻቢቴውን አንስቼ መልሼ አስቀምጠው ነበር።

ከሁሉ ያስፈሩኝ አትክልት ተራ ሽንኩርት የሚሸጡ የወሎ እናት ናቸው። ካሴታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አመጡት። ልጃቸው ዓረብ አገር ሳለች፣ ያኔ እንደ ደብዳቤ ድምፅ ቀድቶ በሰው እጅ መላክ የተለመደ ነበርና፣ የላከችላቸው ነው። ከዚያ በኋላ ወሬዋ ጠፋ። እሳቸው ካሴቱን ሲሰሙት ሲሰሙት ኖረው፣ አንድ ቀን የጎረቤት ቴፕ በላው። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን አልሰሙም።

ከፍቼ ሳየው ክሩ መጨረሻው አካባቢ ተጨማዶና ተጣጥፎ ከመንኮራኩሩ ጋር ተጣብቋል። ሁለት ጣት የምታህል ቁራጭ ካልወጣች ካሴቱ ከዚያ ቦታ አያልፍም። እዚያች ቁራጭ ላይ ምን እንዳለ ደግሞ አላውቅም። ፈራሁ። ካሴቱን ከጫማ ካርቶኖች በታች ደበቅሁት። እሳቸው በሱቁ ባለፉ ቁጥር በደጅ ሆነው ሰላም ይሉኛል፣ ስለ ካሴቱ ግን አንድም ቀን አልጠየቁም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ወንድሜ ቁረጠውና ገላግለን፣ ሥራ እኮ ነው ይለኛል። እኔን የሚያስፈራኝም ሥራ መሆኑ ነበር።

በመጨረሻ ያለ እርስዎ አልነካውም ብዬ አስጠራኋቸው። ደንበኛ ጫማ የሚለካባት ዱካ ላይ ተቀመጡ። የተጨማደደው ቦታ እስኪደርስ ጣቴን ማቆሚያው ላይ አድርጌ ከፈትኩት። ልጅቷ ስለምትሠራበት ቤት ደረጃ ብዛት ታወራለች፣ ከጎረቤት ማን እንዳገባ ትጠይቃለች። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዳንዴ ይቀድሟታል። ልክ ከመጨማደዱ በፊት አቆምኩት።

«እትዬ፣ ከዚህ ቀጥሎ ምን ትላለች?» አልኳቸው።

«እስከዚህ ድረስ እናቴ ነው የምትለኝ» አሉ። «እዚህ ጋ እንደ ልጅነቷ እማ ትለኛለች። አንዴ ብቻ ናት። ከዚያ ደህና ሁኚ ትልና ያልቃል።»

ያቺን ቃል ካልቆረጥኩ ቴፑ እንደገና ይበላውና የቀረው ሁሉ ሊሄድ ነው። እንዲህ ካሉኝ በኋላ መቁረጥም አቃተኝ። ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

እሳቸው ግን መቀሱን አንስተው በእጄ አስያዙኝ። «ቁረጠው ልጄ። ያቺን ቃል እኔ እላታለሁ።»

ቆረጥኩ፣ ቀጠልኩ፣ ገለበጥኩ፣ ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው። ስንሞክረው ልጅቷ አወራች፣ ጠየቀች፤ መጋጠሚያው ላይ ስትደርስ እሳቸው «እማ» አሉ። ልክ በቦታዋ ገባች። ልጅቷም ደህና ሁኚ ብላ ጨረሰች። ወንድሜ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ ጫማ ሲያስተካክል ቆየ።

ጠረጴዛው ዛሬም አለ፣ ሥራውም አለ። እሁድ ግን ለራሴ ካሴት መፍታት ትቻለሁ። የእሳቸው ቅጂ እኔም ጋ ስላለ፣ እንዳልተበላሸ ለማየት አልፎ አልፎ እከፍተዋለሁ። መጋጠሚያው ላይ ግን እሳቸው በሌሉበት ቃሏን የሚላት የለም። እኔ ልላት ሞክሬ አፌ አልታዘዘኝም። አሁን እዚያ ሳይደርስ እዘጋዋለሁ፣ ከዚያም ወደ አትክልት ተራ ወርጄ፣ ሽንኩርት ባያስፈልገኝም፣ መኖራቸውን አይቼ እመለሳለሁ።