የእትዬ ወለተማርያም ቴሌቪዥን

አብዲሳ በልጅነቱ ጌም የሚጫወትበት ቴሌቪዥን የጋለ አቧራ ሽታ ነበረው። ሲከፈት መጀመሪያ «ጧ» የምትል ድምፅ፣ ቀጥሎ ጆሮ ውስጥ የምትቀር ቀጭን ፉጨት፣ መስተዋቱ እየሞቀ ሲሄድ ደግሞ ያ ሽታ። ነቀምት ላይ፣ ከልብስ ሰፊው ከጋሽ አብዱልገኒ ሱቅ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ የሰፈሩ ልጆች አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተራ ይጠብቁ ነበር። ክንዱን ወደ ቴሌቪዥኑ ያስጠጋ ልጅ ጸጉሩ ቀጥ ብሎ ይቆምበታል። አብዲሳ ተራው ሲደርስ የፕላስቲኳን ሽጉጥ በሁለት እጁ ይዞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መስተዋቱ ላይ የሚበሩትን ወፎች ይተኩስ ነበር። ሲመታ ልጆቹ «አገኛት!» ብለው ይጮኹለታል። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የተጮኸለትን ጊዜ አያስታውስም።

ዛሬ አብዲሳ ጎልማሳ ሆኗል። ቦሌ ባለ አንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የካሳ ጥያቄ መርማሪ ነው፤ ሰዎች ስለ ተጋጨ መኪናቸው የሚነግሩትን እየሰማ እውነቱን ከውሸቱ መለየት እንጀራው ነው። ጠዋት ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ወጥቶ ለታክሲ ይሰለፋል፤ ማታ ያንኑ ረጅም መንገድ ቁጭ ብሎ እያንቀላፋ ይመለሳል። በቢሮው ረጋ ያለ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የተከበረ፣ ሰው የማያስቀይም ሰው ነው። ሚስቱ ሉሊት ግን «አንድ ሱስ ብቻ አለበት፤ እሱም ጌም ነው» እያለች ታሾፍበታለች።

ባለፈው ዓመት ያንን የልጅነት ጌም ከነካሴቱ፣ ከነሽጉጡ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ አገኘው። ልቡ እየዘለለ ቤት ወሰደና ሳሎን ካለው ስስ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘው። ሥዕሉ መጣ፤ ወፎቹ በረሩ፤ ሽጉጡ ግን አንዲት ወፍ አልመታም። ተጠግቶ ተኮሰ። አፈሙዙን ስክሪኑ ላይ ለጥፎ ተኮሰ። ምንም።

«ኧረ ወፎቹ ሳቁብህ!» አለች ሉሊት ሶፋው ላይ እንደ ተጋደመች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ሽጉጥ ምንም አይተኩስም፤ ያያል እንጂ። የድሮ ቴሌቪዥን ሥዕሉን መስመር በመስመር በብርሃን ሲጽፍ፣ ሽጉጡ ያችን ብርሃን ጠብቆ ይይዛታል። አዲሱ ግን ሥዕሉን በሌላ መንገድ፣ ያውም ትንሽ ዘግይቶ ያወጣልና ሽጉጡን ዕውር ያደርገዋል። ስለዚህ ጀርባው ወደ ኋላ የወጣ የድሮ ቴሌቪዥን የግድ አስፈለገ።

ፍለጋውን ቦሌ ሚካኤል ጀመረ። ኢሳ የሚባል ቴሌቪዥን ጠጋኝ ጥያቄውን ሰምቶ ከት ብሎ ሳቀ።

«ወንድሜ፣ ሰው ያንን ጉድ የሚጥልበት ሲያጣ እዚህ አምጥቶ ጥሎብኝ ይጠፋል። አንተ ልትገዛ መጣህ?»

«ካለህ አሳየኛ።»

«ቆራሌው ሙልጭ አድርጎ ወሰደው። ውስጡ ላለው መዳብ ሲሉ ይሰባብሩታል። ለምንህ ነው? ለሙዚየም?»

«ለልጆች ነው» አለ አብዲሳ። ልጅ አልነበረውም።

ሳሊተ ምሕረት ድረስ ጠየቀ። አንዱ ጋ ያገኘው ያፏጫል እንጂ ሥዕል የለውም፤ ሌላው ጋ ያለው ከጥግ ጀምሮ አረንጓዴ ሆኗል። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ቴሌቪዥኑን በገዛ ፎቁ ላይ፣ ከግድግዳው ማዶ አገኘው።

እትዬ ወለተማርያም ጎረቤቱ ናቸው። ባላቸው ጋሽ ገረመው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጉልበታቸው ደረጃ ስለማይወጣና ስለማይወርድ፣ የእሑዱን ቅዳሴ የሚከታተሉት በቴሌቪዥን ነው። አንድ ቅዳሜ አብዲሳ አምፖል ሊቀይርላቸው ገብቶ ወንበር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ዓይኑ ቁልቁል ኮመዲኖው ላይ አረፈ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጭረት ያልነካው ቴሌቪዥን ዳንቴል ለብሶ፣ የጋሽ ገረመውን ፎቶ አናቱ ላይ ይዞ ቁጭ ብሏል። መዘምራኑ ያሸበሽባሉ፤ ቀለሙ ወለል ያለ ነው።

«ገረመው የገዛው ነው» አሉ ሲያይ አይተው። «አንድ ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም።»

አብዲሳ ከወንበሩ ወረደ። የሚናገረውን አስቀድሞ አላሰበም፤ ቃሉ ግን ለዓመታት እንደ ተጠና ሆኖ ከአፉ ወጣ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ሊቆም ነው። የድሮ ቴሌቪዥን ከእንግዲህ ሥርጭት አይዝም ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«መንግሥት ነዋ።»

«ውይ በሞትኩት! ቅዳሴዬንስ በምን ላየው ነው?»

«እኔ እያለሁ ምን ያስጨንቅዎታል? የእኛን ስሱን እሰጥዎታለሁ። ይሄን አሮጌ ደግሞ ከፊትዎ አነሣልዎታለሁ።»

እትዬ ወለተማርያም የወንበሩን መደገፊያ ይዘው፣ ጉልበታቸውን እየተጫኑ ብድግ አሉ። ሰው ተቀምጦ አይመርቁም። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«እመቤቴ ትከተልህ። ቤትህን በልጅ ትሙላው። እጅህ የነካው ይለምልምልህ፤ ከሐሰተኛ ሰው ይሰውርህ።»

«አሜን» አለ አብዲሳ አንገቱን ሰብሮ።

ለሉሊት ሰፋ ያለ አዲስ ቴሌቪዥን ሊገዛላት ቃል ገብቶ፣ ልውውጡ በዚያው ሳምንት ተፈጸመ። እሷም በባሏ ኮርታ በየሳምንቱ በሚሰበሰቡበት የጸሎት ኅብረት ላይ ተነሥታ መሰከረች። የኅብረቱ መሪ ወንድም እዝራም «ጎረቤትን መውደድ እንዲህ ነው! በአፍ ሳይሆን በሥራ!» ብሎ አብዲሳን አቀፈው። «ክብር ለጌታ ይሁን» አለ አብዲሳ። ከዚያ የቀረበለትን ሻይ ሳይቀምስ መለሰ።

አሮጌው ቴሌቪዥን በገባበት በአብዲሳ ጓዳ ወፎቹ እንደ ልብ ወደቁ። ለጥቂት ሳምንት ልጅነቱ ተመለሰለት ማለት ይቻላል። ግን የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ስስ ነው፤ እሑድ ጠዋት ቅዳሴው ከማዶ ይሰማ ነበር። አሁን አይሰማም። የመጀመሪያውን እሑድ ተኝተው ይሆናል አለ። ቀጥሎ ባለው እሑድ ዘመድ ወስዷቸው ይሆናል አለ። ከዚያ በኋላ የሚለው አጣና በራቸውን አንኳኳ።

ስሱ ቴሌቪዥን ነጭ ነጠላ ተከናንቦ ቆሟል። ኮመዲኖውን ከዳር እስከ ዳር ስለ ሞላው፣ የጋሽ ገረመው ፎቶ ማረፊያ አጥቶ መስኮት ሥር ተቀምጧል።

«ምነው እትዬ፣ ዘጉት?»

«አይ፣ አንዴ ያንን ሪሞት ነካ ባደርገው ሁሉ ነገር ዓረብኛ ሆነብኝ። እንዳላበላሽብህ ብዬ ሸፈንኩት።»

«ታዲያ አይነግሩኝም ነበር?»

«ይህን ላደረገልኝ ልጅ ስሞታ ላሰማ? ኧረ ነውር ነው! የማውቃትን ያህል በቃሌ እላታለሁ።»

ቋንቋውን መለሰላቸው፤ ሪሞቱን አሳያቸው፤ ደግሞ አሳያቸው። እሳቸውም «ገባኝ፣ ገባኝ» አሉ፤ ጣታቸው ግን ሌላ ቁልፍ ይጫናል። እንዳልገባቸው ሁለቱም ያውቃሉ።

ቤት ገብቶ ሲንቆራጠጥ ሉሊት «አሳየሃቸው አይደል? ምን ያብሰለስልሃል?» አለችው።

ነገራት። ስለ ሥርጭቱ፣ ስለ መንግሥት፣ ስለ ምርቃቱ፤ አንዱንም አላስቀረም።

«በዚህ ነው በኅብረቱ ፊት ያስመሰከርከኝ?» አለች ሉሊት። «ውሰድና መልስላቸው። ስትመልስ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ብቻ አይደለም፤ አፍህንም ይዘህ ሂድ።»

በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ያንን ከባድ ዕቃ ደረቱ ላይ ታቅፎ እትዬ ወለተማርያም ቤት ገባ። ስሱን አነሣ፤ የድሮውን በቦታው አኖረ፤ የዲሹን ገመድ ሰካ። መዘምራኑ ወለል ብለው ብቅ አሉ። አሮጊቷ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«እሰይ! ሥርጭቱን መለሱት እንዴ? መንግሥት አዘነልን!»

መውጫው ይኸው ተከፍቶለታል። «አዎን» ቢል በቃ፤ ደስታቸው ደስታ ሆኖ ይቀራል፤ ነገ በራቸው ላይ ሲገናኙም ያው የወትሮው አብዲ ነው። አፉ «አ» ለማለት ተከፈተ።

«አልቆመም ነበር፣ እትዬ» አለ። «ዋሸሁዎት። ቴሌቪዥኑን ፈልጌው ነው።»

«ምን ሊያደርግልህ?»

«ለጌም። ለጨዋታ።»

«የልጆች ጨዋታ?»

«አዎ።»

«ለማን ልጅ?»

«ለራሴ።»

እትዬ ወለተማርያም ፊቱን እንደ አዲስ ሰው ፊት እየፈለጉ ተመለከቱት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

«እኔ እኮ ተነሥቼ ነበር የመረቅሁህ» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። ይርገሙኝ ከፈለጉ።»

ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጭነው በዝግታ ተነሡ። አብዲሳ ሊደግፋቸው እጁን ሰደደ፤ እጁን አልያዙም። በአጠገቡ አልፈው፣ ወደ እሱ ዘወር ሳይሉ፣ መኝታ ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉ።