ፊቷ ወደ ሜዳው ነበር

ድንጋይዋን ያዞርኳት እኔ ነኝ። ይህን አፍ አውጥቼ ለመናገር አራት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ቁጭ ብዬ ለመጻፍ ደግሞ ሁለት ዓመት። በተንኮል አላዞርኳትም። እንዲያውም በዚያ ቤት ከሠራሁት ሁሉ ልቤ ደስ ብሎት የሠራሁት ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ቤቱ ቴክሳስ ውስጥ፣ ማኪኒ የምትባል ከተማ ነው፤ ሰፈሩ አልቆ ሜዳው የሚጀምርበት ጫፍ ላይ። እኔ የምኖረው ካሮልተን ስለሆነ ጠዋት ጠዋት አርባ ደቂቃ እነዳለሁ። ሥራዬ አቅም ያነሳቸውን ሰዎች መንከባከብ ነው፤ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ፣ መድኃኒት በሰዓቱ እሰጣለሁ። በዚያ ቤት የምንከባከባቸው ሴት ከደቡብ ሕንድ ገጠር የመጡ፣ ሰማንያን ያለፉ፣ ከአንድ ልጃቸው ጋር ብቻ የሚኖሩ ነበሩ። እማማ እላቸዋለሁ። እንግሊዝኛቸው ከሃያ ቃል አይበልጥም፤ የእኔም ቢሆን የሚያኮራ አይደለም። ስለዚህ በእጅና በዓይን፣ ሲቸግረን ደግሞ እሳቸው በቋንቋቸው፣ እኔ በአማርኛዬ እየተናገርን ነበር የምንግባባው። ሰው አያምነኝም እንጂ አማርኛ ከሚችሉ ብዙ ዘመዶቼ ይልቅ ከእሳቸው ጋር ተግባብቻለሁ።

በጓሮው ጫፍ፣ በብረት ዘንግ አጥር ሥር፣ የወፍጮ መጅ የምታክል ጥቁር ድንጋይ ተተክላ ነበር። እርድ ተቀብታ ቢጫ ሆናለች። በቢጫው ላይ ቀይ ዱቄት ተነጥቧል፤ ከቀዩ በታች ከብር የተሠሩ ሁለት ዓይኖች ተለጥፈውባታል። ዓይኖቿ በአጥሩ ዘንጎች መሐል ወደ ሜዳው ነው የሚያዩት፤ ከቤት ሆኖ የሚመለከት ጀርባዋን ብቻ ያያል። አጠገቧ ኒም የሚሉት መራራ ዛፍ በትልቅ የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ቆሟል። ብርድ ሲመጣ ልጃቸው እያቃሰተ ዛፉን ወደ ጋራዥ ያስገባዋል።

ልጃቸው እንደነገረኝ ድንጋይዋ የመንደራቸው እናት ናት። ትልልቆቹ አማልክት ቤተ መቅደስ አላቸው፣ ካህን አላቸው። እሷ ግን የገበሬዎቹና የእረኞቹ ናት፤ ጣሪያ እንኳ የላትም፤ መንደሩ በሚያልቅበት ድንበር ላይ ቆማ ዝናብና ጤና የምትለመን ናት። በዓመት አንዴ ሙቀቱ ሲበረታ ሴቶቹ እርጎ የተቀላቀለበት ሩዝ በሸክላ አድርገው፣ በራሳቸው ተሸክመው ይወስዱላታል። እማማ አገራቸውን ለቀው ሲመጡ ከእግሯ ሥር ካሉት ትንንሽ ድንጋዮች አንዷን አስፈቅደው፣ በቀሚሳቸው ጠቅልለው በሻንጣ አመጧት። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፈታሹ ይህ ምንድን ነው ቢላቸው ቅመም መፍጫ ነው ብለው አሳለፏት። “እናቴ ስትዋሽ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው” አለኝ ልጃቸው።

እኔ ጌታን የተቀበልኩ ሰው ነኝ። እዚያ ቤት መሥራት ከጀመርኩ ጊዜ አንስቶ መኪናዬን አቁሜ ከመውረዴ በፊት እጸልይ ነበር። ሎሚ አምጪ ሲሉኝ አመጣለሁ፤ እርዱን ሲበጠብጡ ጎድጓዳ ሳህኑን እይዝላቸዋለሁ። ወደ ድንጋይዋ ግን አንድ ቀን ተጠግቼ አላውቅም። እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ነገሩ ለእኔ እንግዳ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ወሎ፣ ባደግሁበት መንደር፣ ከወንዙ ማዶ የአድባር ዋርካ ነበረ። እናቴ ግንዱን ቅቤ ትቀባዋለች። ግንቦት አንድ ቀን ከጎረቤቶቿ ጋር፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ንፍሮ ይዘው ሥሩ ይቀመጣሉ። ጌታን በተቀበልኩበት ዓመት ቅቤውን እንድይዝላት ስትጠይቀኝ፣ “እንጨት ለምን ትለምኛለሽ?” አልኳት። የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። “እንጨት መሆኑን እኔም አውቃለሁ” አለችኝ። “እንጨቱን የምለምን መሰለሽ?” ከዚያ ቅቤዋን ብቻዋን ይዛ ሄደች። እኔ ወደ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ሞተች፤ ያን ወሬ ሁለተኛ አላነሳነውም።

እማማ በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከሆስፒታል ሲመለሱ አልጋቸው በጓሮው መስኮት በኩል ተደረገላቸው። ዊልቸሩ ሣሩ ላይ አይሄድም፤ ስለዚህ ጓሮ መውጣት ቀረ። ጠዋት ጠዋት ልጃቸው ሥራ ከመሄዱ በፊት ውሃና አበባ ያደርግላታል፤ እሳቸው በመስኮቱ ያያሉ። የሚያዩት ግን ጀርባዋን ነው። አንገታቸውን ወዲህም ወዲያም እያሉ የሆነ ነገሯን ለማየት ይሞክራሉ። ሁለት ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ሲያደርጉ አየሁ። እናትህን አልጋ ላይ ሆነህ ጀርባዋን ብቻ ማየት ምን ማለት እንደሆነ እያሰብኩ አዝንላቸው ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሳህን እያጠብኩ ነበር። ቧንቧውን ዘጋሁ፣ እጄን አደረቅሁ፣ በጓሮው በር ወጣሁ። ይህን ልሥራ ብዬ ከማንም አልተማከርኩም፣ ጌታንም አልጠየቅሁም። ተንበርክኬ ድንጋይዋን በሁለት እጄ ያዝኩና ከአፈሩ ነቅንቄ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞርኳት። ከመጠኗ በላይ ከብዳለች። ስገባ መዳፌ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ በሳሙና ባጥበው ባጥበው ሁለት ቀን አልለቀቀኝም።

ሲነቁ ትራሳቸውን ከፍ አድርጌ ደገፍኳቸውና መጋረጃውን ገለጥኩ። ደስ ሲላቸው ለማየት ፊታቸውን ነበር የማየው። መጀመሪያ አላዩም። ከዚያ አዩ። የልብሳቸውን ጫፍ ጎትተው ራሳቸውን ተከናነቡ፤ በእጃቸው ዝጊው፣ ዝጊው አሉኝ።

ማታ ልጃቸው ሲመጣ ብዙ ተነጋገሩ። ከዚያ ወደ ኩሽና መጥቶ አስረዳኝ። እናቲቱ ድንበር ላይ ፊቷን ወደ ውጭ አድርጋ የምትቆመው በሽታውን ከሜዳው ለመመለስ ነው። ፊቷን ወደ ቤት ካዞረች ግን ልትገባ ነው ማለት ነው። በልጅነታቸው መንደሩ ውስጥ ፈንጣጣ ሲገባ ማንም ፈንጣጣ ገባ አይልም፤ እናቲቱ መጣች ነው የሚባለው። ትኩሳቱም እሷ ናት፣ ሽፍታውም እሷ ናት። ተቆጥታ ከሆነ ደግሞ ጥፋት አለ ማለት ነው።

“ማን አዞራት?” አለኝ።

“ሣር የሚያጭዱት ሰዎች ይሆናሉ” አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት።

እሱ ወጥቶ ሊመልሳት ተነሣ፤ እማማ ከአልጋቸው ሆነው ጮኹ። ራሷ ዞራ ከሆነ በግድ አትመለስም፤ ጥፋቱ እስኪታወቅ ይጠበቃል። ሰው ነው ያዞራት ቢላቸው፣ ሰው ቢሆን ይናገር ነበር አሉ። እኔ ድስት እየፈተግሁ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ገላቸውን ሳጥብ ከጡታቸው ሥር ወደ ጀርባቸው የሚሄድ ቀይ መስመር አየሁ፤ ላዩ ውሃ የቋጠረ። በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እኛ አልማዝ ባለጭራ የምንለው ነው። ሐኪሙም ያንኑ አለ። በልጅነት የያዘ ጉድፍ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና እርጅናና ጭንቀት ሲያገኝ ይነሣል አለ። መድኃኒት አዘዘ፤ አዛውንት ካልበላ ይዳከማልና አብሏቸው ብሎ አስጠነቀቀ። እማማ መድኃኒቱን ዋጡ። ምግብ የሚባል ነገር ግን፣ ሩዝም ይሁን ሾርባ፣ አፋቸው አልገባ አለ። ቃጠሎውን አልፈሩም። ልጃቸው እንደነገረኝ ቀን ከሌት የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ “ምን ባጠፋ ነው ፊቷን ያዞረችብኝ?” አገሬን ትቼ ስለመጣሁ ነው? በሻንጣ ስላመጣኋት ነው? ለፈታሹ ስለዋሸሁ ነው? እንዲህ እያሉ ሰማንያ ዓመታቸውን ይበረብሩ ነበር። ጥፋቱ ያለው እጄ ላይ ነበር።

መስኮቱ ተዘግቶ ይዋል ቢባልም መጋረጃው መሐል ላይ በደንብ አይገጥምም። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ የብር ዓይኖቿን ስታገኝ ሁለት ትንንሽ ብርሃኖች በክፍተቱ ገብተው ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ያርፋሉ። ቀስ እያሉም ወደ አልጋው ይሄዳሉ። ፀሐይ መሆኑን አውቃለሁ፤ አእምሮዬን አልሳትኩም። ሳህን ሳጥብ ግን ጀርባዬ ላይ ይሰሙኝ ነበር፤ ዞር ስል ምንም የለም። በመኪናዬ ስመለስም በመስታወቱ ወደ ኋላ ማየት ጠላሁ። “እንጨቱን የምለምን መሰለሽ?” የሚለው የእናቴ ድምፅ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ሬዲዮ ከፍቼም አልጠፋልኝም።

ሥራውን ላገኘችልኝ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ደወልኩና ሁሉን ነገርኳት።

“ሶ ምን ልታደርጊ ነው?” አለችኝ። “ማለቴ፣ እኔ ነኝ ብትይ ፋየር ያደርጉሻል እኮ። ደግሞ ማን ንኪ አለሽ? ኦኬ፣ ለመሆኑ ድንጋይ አይደለም እንዴ? ዞረ አልዞረ ምን ዲፈረንስ አለው?”

“ለእሳቸው አለው።”

“ለአንቺስ?” አለችኝ።

ሥራ ደረሰብኝ ብዬ ዘጋሁ።

ቅዳሜ ሌላ ጊዜ የማልሠራበት ቀን ነው፤ ያን ቅዳሜ ግን ሄድኩ። ልጃቸው ገበያ ወጥቶ ነበር። እማማ ፊታቸው አጥንት ብቻ ሆኖ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተኝተዋል። ቃል ስለሌለኝ ከኩሽና አንድ ሎሚ አመጣሁ፤ ከቅመማቸው ሣጥን ሁለት ቅርንፉድ አውጥቼ እንደ ዓይን ሰካሁበት። አልጋው ላይ ትሪ አደረግሁና ሎሚውን ፊቱን ወደ እኔ አድርጌ አስቀመጥኩት። ዓይናቸውን ከፈቱ። ሎሚውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ እሳቸው አዞርኩት። ከዚያ ደረቴን ነካሁ።

“ዩ?” አሉኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ። እንባዬ መጣ፤ ማባበያ እንዳይመስል ብዬ አልጠረግሁትም።

“ዋይ?” አሉ በእንግሊዝኛቸው፤ ለምን ማለታቸው ነው።

መስኮቱን አሳየሁ፣ ዓይናቸውን አሳየሁ፣ አንገቴን እንደ እሳቸው ወዲህ ወዲያ አደረግሁ። ከዚያ በአማርኛ፣ “ፊቷን እንዲያዩ ብዬ ነው እማማ፤ አሳዘኑኝ” አልኳቸው። ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እጄን ያዙና መዳፌን ገልብጠው አዩት፤ ቢጫው ግን ከለቀቀ ቆይቷል። ከዚያ በጣታቸው አንድ በአንድ ማዘዝ ጀመሩ፤ እርድ በውሃ፣ የኒም ቅጠል፣ እርጎና ሩዝ። በመጨረሻ ጫማዬን አሳዩኝ፤ አውልቂው ማለታቸው ነው።

ነሐሴ ነበር፣ ቀትር። ከበሩ እስከ ሣሩ ያለው ሲሚንቶ ውስጥ እግሬን አቃጠለኝ። ውሃውን አፈሰስኩባት፣ ቅጠሉን አደረግሁላት፣ ሩዙን አስቀመጥኩ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ስይዛት ትኩስ ነበረች፤ የቴክሳስ ፀሐይ ነው፣ አውቃለሁ። ወደ ሜዳው ሳዞራት ዝም ብዬ ለመሥራት ቆርጬ ነበር። አፌ ግን “እናቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሳቸውን ተይልን፤ ታረቂን” አለ። እናቴ ለአድባሯ የምትለው፣ በዚያው ዜማዋ። ሃያ ዓመት ያልሞላኝ ልጅ ሆኜ የሰማሁት፣ አልደግመውም ብዬ የማልኩበት። ወደ ኋላ ሳላይ ገባሁ።

እማማ ሦስት ማንኪያ እርጎ ሩዝ በሉ። ማታ ደግሞ ሳህኑን ጨረሱ።

ልጃቸው ሲመለስ ለእሱም ነገርኩት። መቆጣቱን ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን ከአራት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰ። እማማ ከአልጋቸው አንድ ነገር አሉት። መተርጎም አልፈለገም፤ ንገረኝ ብዬ ያዝኩት።

“አዙሪ ብሎ የነገራት ማን እንደሆነ ጠይቃት ነው የምትለኝ” አለ።

“ማንም አልነገረኝም” አልኩ። “ሳህን እያጠብኩ ድንገት አሳዘኑኝ፤ በቃ።”

ተረጎመላቸው። እማማ የሚጠብቁትን መልስ እንዳገኘ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አጭር ነገር ተናገሩና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“እናቲቱ የምትናገረው እንዲያ ነው ትላለች” አለኝ ልጃቸው።

እማማ ዳኑ፤ አሁንም አሉ። ሐኪሙ መድኃኒቱ ነው አለ፤ እኔም በአምስተኛው ቀን እንደሚሠራ አውቃለሁ። ሥራዬም አልቀረም፤ በየጠዋቱ ከመኪናዬ ከመውረዴ በፊት እጸልያለሁ። ነገር ግን እናቴን ብቻዋን ከነቅቤዋ ስለላክኋት ቀን አሁን አስባለሁ፤ ከኋላዋ ሮጬ ልይዝላት ዳድቶኝ፣ አሳዝናኝ፣ ሰይጣን ነው ብዬ የቆምኩበትን ቦታ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ለሰው ባዘንኩ ቁጥር የማዝነው እኔ ስለመሆኔ እርግጠኛ አይደለሁም።